ሁለት አቃጣይ የወጣለት ክምር

መምህር ይልቃል ከጎጃም ወደ አሰበ ተፈሪ ተመድቦ ሲመጣ ከአገሩ ይዞት የመጣው ሀብት ቢኖር የንብ ፍቅር ነበር። አባቱ ባለቀፎ ነበሩ፤ እሱም ፊደል ሳይቆጥር ገና ንብ ማነብ ያውቅ ነበር። እናም ማስተማር በጀመረ በዓመቱ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ሂርና ከሚወስደው መንገድ በታች፣ ከእማማ ሀሊማ ማሳ ዳር በቆመ አንድ ትልቅ ግራር ላይ ቀፎዎቹን ሰቀለ።

እማማ ሀሊማ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማሽላቸውን እያዘሩ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። «ዛፉ የአላህ ነው፤ ማሩ ሲቆረጥ ግን እንዳትረሳኝ» ብለው ነበር የፈቀዱለት። አልረሳቸውም። በየዓመቱ አንድ ቅል ማር ራሱ ይዞላቸው ይሄድ ነበር። እሳቸውም ለሚስቱ ለባየች እሸት ይልኩላታል።

ነገሩ የመጣው በ1952 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። የታኅሣሥ ገብርኤል ማኅበር ተራው እነይልቃል ቤት ደርሶ ስለነበር ባየች ጠጅ መጣል ነበረባት። ይልቃል አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እንደ ወጣ ኩበትና አሮጌ ጨርቅ ጠቅልሎ ያሰረውን ማጨሻ ለኩሶ ወደ ግራሩ ወረደ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዛፉ ላይ ነበር። ማሩ እንደዚያ ዓመት ሞልቶ አያውቅም። ንቦቹ ግን ክፉ ሆኑበት፤ አንዷ የዐይኑን ሽፋን፣ ሌላዋ ጆሮውን ነደፈችው። እንደምንም ብሎ ማሩን ይዞ ወረደ፤ በአንድ ዐይኑ እያየ፣ እየተደናበረ ቤቱ ገባ።

ባየች ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ ዐይኑ ላይ ያዘችለት። «ማጨሻውስ?» አለችው።

«እዚያው ነው።»

ባየች ጨርቁን ጨምቃ እንደገና ነከረችው። እራት ሳይቀርብ ጩኸት ተሰማ። ወጥተው ሲያዩ የከተማው ጫፍ ቀልቷል። የእማማ ሀሊማ የማሽላ ክምር ይነድዳል፤ እሳቱ ከክምሩ ወደ ጎጆው፣ ከጎጆው ወደ አንዲት ጥጃቸው ማደሪያ ተሻገረ። የከተማውም የገጠሩም ሰው በቅጠልና በአፈር ተረባረበ። ይልቃልም ባበጠ ዐይኑ አፈር ሲዝቅ አመሸ። ሀሊማ ጎረቤት ለቅሶ ደርሰው ሳይመለሱ ስለነበር ነፍሳቸው ተረፈች፤ ጥጃይቱ ግን አልተረፈችም። ዓመቱን ሙሉ የሚበሉት ማሽላም አመድ ሆነ። ሴትዮዋ አመዱ ፊት ቆመው አላለቀሱም። «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» ብቻ ይሉ ነበር፤ ድምፃቸውም የሳቸው አይመስልም ነበር።

በማግሥቱ ይልቃል ወደ ግራሩ ሄደ። ከግራሩ እስከ ክምሩ ያለው ሣር ጠቁሯል። ከመንገዱ እስከ ክምሩ ያለውም እንዲሁ። እሳቱ ከየት ወደየት እንደሄደ የሚናገር ምልክት የለም። ማጨሻውን ከዛፉ ሥር ፈለገው፤ አመድ በአመድ ላይ ነው። አፈር አልብሼው ነበር እንዴ? ዐይኑን ጨፍኖ ለማስታወስ ሞከረ። እጁ አፈር ሲመልስ ታየው። ግን ያ የትናንቱ ነው ወይስ የአምናው? በየዓመቱ አፈር ያለብስ ነበርና ትዝታው ከትዝታው ጋር ተደባልቆ አልለይ አለው።

ወዲያው አውጫጭኝ ተጠራ። ያን ጊዜ ጥፋት ደርሶ ጥፋተኛው ካልታወቀ የአካባቢው ወንድ ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ያየውንና የሰማውን እየማለ እስኪያወጣ ድረስ ወደ ቤቱም ወደ ሥራውም አይሄድም። የአጥቢያው ዳኛ ግራዝማች ዓባይ ወንበራቸውን ከዋርካው ሥር አስቀመጡ። ክርስቲያኑ መስቀል እየመታ፣ እስላሙ ቁርአን እየያዘ፣ ሰው አንድ በአንድ እየቀረበ ማለ። ማንም ምንም አላየም። ማሳው ያልታጨደለት ገበሬ ያጉረመርማል፤ ሱቁ የተዘጋበት ነጋዴ ይራገማል።

ይልቃል ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል። በልቡ ሁለት ቃል አዘጋጅቷል። አንዱ «ምንም አላየሁም» የሚል ነው፤ ሌላው «ማጨሻዬን ረስቼው ሄጃለሁ» የሚል። የትኛው ከአፉ እንደሚወጣ ራሱም አያውቅም ነበር። ከፊቱ ሁለት ሰው ሲቀር ከኋላ አንድ ሰው ሰልፉን ጥሶ ወጣ።

በለጠ ነበር፤ በመንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ የሚፈልጥ፣ ከከተማው ጠላ ቤቶች የማይጠፋ፣ ቃሉ የማይታመን ሰው።

«ግራዝማች፣ ሕዝቡን አያስለፉት። እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ ምን?»

«ያን ዕለት ከጠላ ቤት ወጥቼ በዚያ መንገድ ነው የሄድኩት። ሲጋራ ለኩሼ ነበር። ቁራጩን ጣልኩት። የት ላይ እንደጣልኩት አላውቅም፤ መጣሌን ግን አውቃለሁ።»

«ሲቀጣጠል አይተሃል?»

«ዞሬ አላየሁም። ዞሬ ባይ ኖሮማ አጠፋው ነበር።»

ሰዉ ሁሉ ተነፈሰ። አንዳንዱ ወዲያው ጋቢውን አራግፎ ተነሣ። በለጠን ሁለት ዘበኞች ይዘው ወሰዱት። ይልቃል ከሰልፉ ወጣ። ከዚያ ደስታ መጣበት፤ በጠራራ የመጣ ውሃ ዓይነት ደስታ። ሳልምል ቀረሁ፤ ሳልዋሽ ቀረሁ፤ እኔም አይደለሁም ለካ! አለ በልቡ።

ቤት ገብቶ ሲነግራት ባየች እልል አለች። «ገብርኤል ነው ያወጣህ!»

«ከምን?» አላት።

ባየች ወደ ጓዳ ገባች።

ደስታው ግን ሳምንትም አልቆየ። በለጠ ሽማግሌዎች ካሳውን እስኪቆርጡ ድረስ እስር ቤት ነው። ይልቃል ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በዚያ በኩል ያልፋል፤ አንዳንድ ቀን በለጠ አጥሩ ሥር ፀሐይ ሲሞቅ ያየዋል። በለጠ እጁን አንሥቶ «እንደምን አደርህ መምህር!» ይለዋል፤ ፊቱ ላይ ኀዘን የለም። እንዲያውም ታጥቦ የወጣ ሰው ይመስላል። ይህ ይልቃልን ይበልጥ ግራ አጋባው። እውነት እሱ ከሆነ እኔ ለምን እንቅልፍ አጣሁ? እሱ ካልሆነ ደግሞ እሱ ለምን ደህና ይተኛል?

ገብርኤል ደረሰ። ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ጠበል ጸዲቁ ከተቀመሰ በኋላ ጠጁ ቀረበ። ሁሉም አመሰገነ። «የዘንድሮ ማር ልዩ ነው!» አሉ። ከማኅበርተኞቹ አንዱ ብርሌውን ከፍ አድርጎ፣ «ያቺን ምስኪን ያስለቀሰውን ሰካራም ግን መልአኩ የእጁን ይስጠው» አለ። «አሜን!» ተባለ። ይልቃልም ከሰዎቹ ጋር «አሜን» አለ፤ ካለ በኋላ ነው የሰማው። ብርሌውን ወደ አፉ አስጠግቶ መልሶ አስቀመጠው።

በማግሥቱ ወደ ነፍስ አባቱ ወደ አባ ገብረ ኪዳን ሄደ። አባ ገብረ ኪዳን ዐይናቸው የደከመ፣ ንግግራቸው የዘገየ ሽማግሌ ናቸው። ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

«አባቴ፣ ኃጢአት ሠርቼ እንደሆነ አላውቅም።»

«ታዲያ ከምን ልፍታህ?»

ሁሉንም ነገራቸው፤ ንቡን፣ ማጨሻውን፣ አመዱን፣ በለጠን። አባ ገብረ ኪዳን መስቀላቸውን እያገላበጡ አዳመጡ።

«ማጨሻውን አጥፍተሃል?»

«አላስታውስም።»

«ስትወርድ ስለ ማጨሻው አስበህ ነበር?»

«ስለ ዐይኔ ነበር የማስበው።»

«በለጠ እኔ ነኝ ብሎ ሲወጣስ ምን ተሰማህ?»

ይልቃል መሬት መሬት አየ። «ደስ አለኝ» አለ።

«እሱን ነበር አስቀድመህ መናገር» አሉ አባ ገብረ ኪዳን። «የእሳቱ ነገር ያጠራጥራል። ይኸኛው አያጠራጥርም።»

ጾምና ስግደት ቀኖና ሰጡት። ይልቃል ነገሩ በዚያ የሚያልቅ መስሎት ሊነሣ ሲል እጁን ይዘው አስቀመጡት። «ለሀሊማስ?»

«ለሀሊማ ምን አባቴ?»

«ንስሐ ኃጢአትን ያስተሰርያል እንጂ ማሽላ አያበቅልም። ዘኬዎስን አስበው። ጌታ ቤቱ ከገባለት በኋላ ነው የበደልሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው። ይቅርታን ሊገዛ አይደለም፤ ይቅርታው ከቤቱ ገብቶ ስለተቀመጠ ነው።»

«ዘኬዎስ ግን የበደለውን ያውቅ ነበር» አለ ይልቃል።

አባ ገብረ ኪዳን መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «እሱስ እውነትህን ነው» አሉ። «እኔም ግራ ገብቶኛል፣ ልጄ። መጽሐፍ ስለ እንዲህ ያለው የሚለው ቢኖርም አላገኘሁትም። ሂድና የምታውቀውን ተናገር። የማታውቀውን አትጨምርበት፤ የምታውቀውንም አትቀንስለት። ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን ተቀበል።»

ይልቃል ከልጅነቱ ጀምሮ «በማወቅም ባለማወቅም የሠራሁትን ይቅር በለኝ» እያለ ሲጸልይ ኖሯል። «ባለማወቅም» የሚለውን ቃል ግን ያን ዕለት መንገድ ላይ ነው እንደ አዲስ የሰማው። የማላውቀውን እንዴት አድርጌ ነው የምሸከመው? እያለ ሄደ።

እማማ ሀሊማ ከቃጠሎው ወዲህ የባላቸው እኅት መይሙና ቤት ነበሩ። መይሙና በሩ ላይ ምንጣፍ አነጠፈችለት። ሀሊማ ወጥተው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ፤ ከስተዋል። ይልቃል የሚያውቀውን ብቻ ተናገረ። ማጨሻ እንደነበረው፣ ከግራሩ ሥር እንደተወው፣ ማጥፋቱን እንደማያስታውስ፣ በአውጫጭኙ ቀን ዝም እንዳለ። ሴትዮዋ እስኪጨርስ ዐይናቸውን ከሱ አላነሡም።

«እኔ ይኼን በለጠ የሚሉትን በየሶላቱ እረግመዋለሁ» አሉ። «ስሙን አውቃለሁ። መልኩን አውቃለሁ። አሁን አንተ መጥተህ ግማሹን እርግማን ለኔ ይስጡኝ ትላለህ?»

«አላውቅም፣ እማማ ሀሊማ።»

«ምኑን ነው የማታውቀው? አስተማሪ አይደለህም?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ማሩን ምን አደረግህ?»

«ጠጅ ሆነ።»

«የኔስ ቅል?»

ይልቃል ደነገጠ። ጭራሽ አላስታወሰውም ነበር።

«ዘንድሮ ማሬን አላመጣህልኝም» አሉ ሀሊማ። «ቤቴ ከተቃጠለ በኋላ አገር ሁሉ እዚህ ድረስ መጥቶ አይዞሽ ብሎኛል። የማላውቀው ሰው ሳይቀር። አንተ አልመጣህም። መምህሩ ለምን ቀረ? ብዬ ያን ጊዜ መይሙናን ጠይቄአታለሁ። ጠይቃት።»

መይሙና በሩን ተደግፋ ቆማ ራሷን ነቀነቀች።

«ይቅር ይበሉኝ» አለ ይልቃል።

«ዛሬ አልልህም። ነገም አላውቅም። አሁን ተነሥና ለዳኛው ንገር። እኔ ብቻዬን ይኼን ነገር ይዤ ምን ላድርገው?»

ግራዝማች ዓባይ ነገሩን ሲሰሙ ተቆጡ። «አንተ ሰው፣ ተምረህ ነው ያበድከው? ለአንድ ክምር ሁለት አቃጣይ የት አገር ታይቷል? አውጫጭኙ ተዘግቷል፤ ሰዉ ወደ ሥራው ሄዷል!» አሉ። ይሁን እንጂ የተነገረ ነገር መልሶ አይዋጥምና ሽማግሌዎች ተጠሩ፤ ሀሊማም መጡ፤ በለጠም ከእስር ቤት ቀረበ።

በለጠ የይልቃልን ቃል ሰምቶ ሲያበቃ ፊቱ ተለዋወጠ። ይልቃል ግን በለጠ ያመሰግነኛል ብሎ ነበር የጠበቀው።

«ግራዝማች፣ ይኼ ሰው ንስሐዬን ሊወስድብኝ ነው!» ብሎ ጮኸ በለጠ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ ኖሬአለሁ፤ ሁላችሁም ታውቁኛላችሁ። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እውነት ተናገርኩ። እግዚአብሔርም ደስ ብሎት ልቤን አሳረፈልኝ። አሁን እሱ መጥቶ ያም እውነት አልነበረም ይለኛል!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ይልቃል አልሳቀም። «አልነበረም አላልኩም» አለ። «አላውቅም ነው ያልኩት።»

«አታውቅም ከሆነ ለምን መጣህ?»

ይልቃል ወደ በለጠ ዞረ። ለምን መጣሁ? ብሎ ራሱንም ጠየቀ። ከዚያ፣ «አንተ ታስረህ እኔ ቤቴ ስለምተኛ» አለ። ይህም ሙሉ መልስ እንዳልሆነ ለራሱ ታወቀው፤ ሌላ ግን አልነበረውም።

ግራዝማች ዓባይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲማከሩ ቆይተው በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ማን እንዳቃጠለ እግዚአብሔር ይወቅ። ማን እንደሚሠራ ግን እኔ አውቃለሁ። ሁለታችሁም በጋራ ጎጆውን ትሠራላችሁ። ማሽላውን ከሚመጡት ሁለት መኸር እኩል ትከፍላላችሁ። ጥጃይቱን መምህሩ ይተካል፤ ደመወዝተኛ ነውና። በለጠ ዋስ ጠርቶ ይውጣ።»

በለጠን ዋስ የሚሆነው ሰው አልተገኘም። በመጨረሻ ይልቃል ራሱ ዋሱ ሆነ፤ በለጠም ፊቱን እንዳጠቆረ ተቀበለው።

እንግዲህ ይልቃል በስብከት እንደሚሰማው እውነትን የተናገረ ሰው ሸክሙ ይቀልለታል ብሎ ነበር። አልቀለለውም። ለምክትል ዳይሬክተርነት ታጭቶ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ጠርተው «ስምህ በዳኛ ፊት ተነሥቷል፤ ዘንድሮ ይቅር» አሉት። ተማሪዎቹ ሰሌዳው ላይ ዛፍና ጭስ ሥለው ይጠብቁት ጀመር። ባየች ከሁሉ የከፋች ሆነች። «ገብርኤል ያወጣህን አንተ ተመልሰህ ገባህበት» አለችው፤ ከዚያም ስንት ቀን ሙሉ የግድ ካልሆነ በቀር አላነጋገረችውም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነው ድንገት፣ «እኔም ማጨሻውስ ብዬ ጠይቄህ ነበርኮ። ሂድና አጥፋ አላልኩህም» ብላ ማልቀስ የጀመረችው። ይልቃል ነጠላዋን ይዞላት ቆመ።

ሥራው ተጀመረ። ይልቃል ቅዳሜና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በለጠ ከድንጋይ ፈለጣው ሲመለስ፣ እንጨት ይቆርጣሉ፣ ጭቃ ያቦካሉ። መጀመሪያ አይነጋገሩም ነበር። ጣሪያው ላይ ወጥተው ማገር ሲያስሩ አንድ ቀን በለጠ በድንገት ጠየቀው።

«መምህር፣ ከሁለታችን አንዳችን በከንቱ ነው የምንለፋው ማለት ነው?»

«እንደሱ ይመስለኛል።»

«ማነው?»

«አላውቅም።»

በለጠ ማገሩን ጠበቅ አድርጎ አሰረ። «ወይም ከሁለታችንም እሳት ተነሥቶ መኻል ተገናኝቶ ይሆናል።»

«ሊሆን ይችላል።»

«ወይ ደግሞ» አለ በለጠ፣ «ሁለታችንም አይደለንም ይሆናል።»

እጃቸው በአንድ ጊዜ ቆመ። ይልቃል ይህን አንድም ጊዜ አስቦት አያውቅም ነበር። ሌላ መንገደኛ፣ ሌላ ፍም፣ ስሙን የማያውቁት ሰው። ዞር ብሎ መንገዱን አየው፤ አንድ የጭነት መኪና አቧራ እያስነሣ ወደ ሂርና ይሄዳል። ልቡ ሊደሰት ዳዳው፤ ያን የአውጫጭኙን ቀን ደስታ አስታወሰና ፈራው።

«እና ልንተወው ነው?» አለ በለጠ።

ከታች እማማ ሀሊማ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ቀና ብለው ነበር። «ኧረ ዝናቡ መጣ! ወሬ ጣሪያ ይሆናል?» ብለው ጮኹ። ሁለቱም ማገራቸውን ማሰር ቀጠሉ።

ጎጆው ክረምት ሳይገባ አለቀ። ጥጃይቱም ተተካች። በለጠ ሥራ አገኘሁ ብሎ ወደ ሂርና ሄደ፤ መጠጡን ተወ የሚሉ አሉ፣ አልተወም የሚሉም አሉ። የማሽላ ድርሻውን ግን በመኸሩ ላከ። ይልቃል በአዲሱ ዓመት ወደ ቦኬ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ቅጣት ነው ያሉ ነበሩ፤ ደብዳቤው ግን «ለሥራው አስፈላጊነት» ይላል። ከመሄዱ በፊት አባ ገብረ ኪዳንን ሊሰናበት ሄደ።

«ቀለለህ?» አሉት።

«አልቀለለኝም አባቴ። ቀኖናውን ፈጽሜአለሁ፤ የተፈረደብኝንም አልተውኩም። ግን የሠራሁት ምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።»

«እግዚአብሔርስ?»

«እሱማ ያውቃል።»

«እንግዲያስ ለጊዜው ከሱ ዘንድ ይቀመጥ» አሉና መስቀላቸውን አሳለሙት።

ቦኬ በገባ በሁለተኛው መኸር ይልቃል የመጨረሻውን የማሽላ ድርሻ በገበያ ቀን ገዝቶ ለአንድ አህያ ነጂ አስጭኖ ለእማማ ሀሊማ ላከ። አህያ ነጂው ከአሰበ ተፈሪ ሲመለስ ይልቃል መንገድ ላይ ወጥቶ ጠበቀው።

«ተረከቡህ?»

«ተረከቡኝ። ውሃም ሰጡኝ።»

«ምን አሉ?»

«ለመምህሩ ሰላም በለው አሉ።»

ይልቃል ቃሉን በአፉ ደጋገመው። ሰላም በለው። ይህ መንገደኛን ሁሉ የሚሉት ነው? ወይስ ያን ዕለት በመይሙና ደጃፍ «ነገም አላውቅም» ብለው ያስቀሩት ይቅርታ ነው?

«እንዲያ ሲሉህ ፊታቸው እንዴት ነበር?» አለው።

«እኔ እንጃ» አለ አህያ ነጂው። «አህያዬን እያሰርኩ ነበር፤ አላየሁም።»